አንድ ሰው፣ አንድ እጅ

ሳሪስ ጋሪ ተራ ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ የሚሰማው ጭብጨባ ነው። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው ሠርግ ያለ ይመስለዋል። የሚያጨበጭቡት በየጋሪው ላይ የተተከሉት እጆች ናቸው፤ የበቆሎ ሊጥ ከመዳፍ ወደ መዳፍ እያገላበጡ ያሳሳሉ። ጠይም ናቸው፣ ጥፍር አላቸው፣ አንዳንዶቹ የድሮ የቃጠሎ ጠባሳ ሳይቀር ይታይባቸዋል። ከክርን በላይ ብረትና ሽቦ ነው። ከዚያ በላይ ማንም የለም።

የእኔ ፀጉር ቤት ከተራው ጫፍ ላይ ናት። ኖላዊ እባላለሁ፣ ሰፈሩ ጋሽ ኖላዊ ይለኛል። ፀጉር አስተካካይን እስካሁን በእጅ አልተኩትም፤ የሰው ራስ እንደ ሊጥ አይገራም ይላሉ። አንድ ቀን ይተኩኝ ይሆናል። እስከዚያው ደንበኛ ሲጠፋ በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ ተራውን ስመለከት እውላለሁ።

ላቲኖቹ ወደዚህ የመጡት እኔ ጎልማሳ ሳለሁ ነው። አገራቸው ሙቀቱ ሰው የማያኖር ሲሆን ከፍ ያለና የሚቀዘቅዝ ከተማ ፈለጉ፤ እኛ ደግሞ ከብርድ ሌላ የምንሰጣቸው ብዙም አልነበረንም። ከሳልቫዶር መጡ፣ ከሆንዱራስ መጡ፣ ከቬንዝዌላ መጡ። ጋሪ ገዙ፣ ሸራ ወጠሩ። ታማሌ የሚሉትን ምግባቸውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ሲቀቅሉ ያዩ የጉራጌ ጎረቤቶቻችን በሳምንቱ ቤተኛ ሆኑ። ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው እንደ ሳሪስ ልጅ ይሳደባሉ፣ እንደ ሳሪስ ልጅ ይታረቃሉ።

ከዚያ እጆቹ መጡ። የሰው እጅ ምግብ እንዳይነካ ደንብ ወጣና ባለጋሪዎቹ ሁሉ በየተራ ልዩ ጓንት አጥልቀው ሲሠሩ ተቀዱ። የተቀዳው እጅ ጋሪው ላይ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ የባለቤቱ ሥራ ከጋሪው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሰላምታ መስጠት ነው። ሰላምታ ለጊዜው በሰው ነው።

እጆቹ የተቀዱት ከነአመላቸው ነው። በቀረጻው ዕለት ጉንፋን ይዞት የነበረ አንድ የቬንዝዌላ ሰው አለ፤ እስከ ዛሬ የጋሪው ቀኝ እጅ በየመሐሉ ተነስቶ ወደሌለ አፍንጫ ይሄዳል። ለጤና ተብሎ የመጣ ነገር መሆኑን እያሰብኩ ስቄ አላባራም ነበር። ሕዝቡም ይስቅ ነበር። አሁን ማንም ልብ አይለውም፣ እኔም ብሆን።

የኤውላሊያ ጋሪ ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው የሚቆመው። ከሳልቫዶር የመጣች፣ ድንክ ለመባል ትንሽ የቀራት፣ ፀጉሯን ሁልጊዜ እኔ የማስተካክላት ሴት ናት። ፑፑሳ ትሸጣለች፤ ሆዱ አይብና ቦሎቄ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ ነው። የእሷ ጋሪ እጆችም አመል አላቸው። ትንሽ እንደሠሩ ግራው ወደ ላይ ይነሳና፣ ሰው ቢኖር ግንባሩ በሚሆንበት ቦታ ላይ፣ በእጅ ጀርባ አየሩን ይጠርጋል። ከዚያ ወደ ሊጡ ይመለሳል።

ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ ነገሩ ሁሉ በእጅ ተጠቃለለ። አሻራ ይሰረቃል፣ ፊት ይቀየራል፣ ሥራ ላይ ያለ እጅ ግን አይዋሽም ተባለ። የቤት በር የሚከፈተው፣ መድኃኒት የሚወጣው፣ ታክሲ የሚሳፈሩት እጅ በሚንቀሳቀስበት አኳኋን ሆነ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሶልያና ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቆርጣ፣ ቁስሉ እስኪድን የገዛ ቤቷ አላውቅሽም ብሏት ደረጃ ላይ ከርማለች። ሰው ሰውን መጨበጥ ተወ። ከሩቅ አንገት ደፋ አድርጎ ማለፍ ልማድ ሆነ፤ እጁን የሚያስነካ ጠፋ።

ከዚህ በፊት የተቀዳ እጅ ያለው ሰው እንደ አዲስ አይቀዳም፣ ከተቀዳው ጋር ይመሳከራል። የጋሪ ተራ ማመሳከሪያ ለሐሙስ ተቀጠረ። በየግድግዳው ላይ «አንድ ሰው፣ አንድ እጅ» የሚል ተለጠፈ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ደንብ ነበር፦ የሞተ ሰው እጅ አይሠራም። ባለቤቱ ያረፈ እጅ ይነቀላል፣ ቅጂውም ይሰረዛል። ሟች ሲሠራ ማየት ለሕዝብ መልካም አይደለም ይላል። እኔ ይህን ደንብ ደግፌው ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የኤውላሊያ ልጅ ሉዝ ማርያም ወደ ፀጉር ቤቴ መጣች። ክሊኒክ ውስጥ መድኃኒት የምታድል፣ ነገር ውስጥ የማትገባ ጨዋ ልጅ ናት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች እንጂ ፀጉሯን ልትስተካከል አልመጣችም።

«ጋሼ፣ ማሚን አናግርልኝ» አለችኝ።

«ምን ሆነች?»

«ሰዉ ሁሉ ቤቱ ሊጥ አቡክቶ ይለማመዳል። እሷ አልነካም አለች። እጅሽ እኮ ተቀምጦ ደርቋል፣ ትንሽ እናፍታታው ብላት ‘ይቅር’ ትለኛለች። ምኑ ነው የሚቀረው?»

«ባይገጥምስ ምን ይሆናል?»

«ኤውላሊያ አይደለሽም ይሏታል። ኤውላሊያ የሚባለው ጋሪው ላይ ያለው ይሆናል። ጋሪውን እኔ እቀመጥበታለሁ፣ ልጇ ነኝና፣ እሱ አያሳስበኝም። እሷ ግን ዛሬ ከተማ የገባች እንግዳ ትሆናለች። የአንድ ዓመት ፈቃድ ሰጥተው በየዓመቱ አሳድሺ ነው የሚሏት። ያን ሁሉ ዘመን የኖረችው አይቆጠርም። የልብ ታማሚ ናት፣ ሕክምናዋ በስሟ ነው ያለው። አናድስም ቢሏትስ? የት ትሄዳለች? እዚያ እኮ አሁን አገር የለም።»

አናግራታለሁ አልኳት። እናት ልጇን እንቢ ስትል በሽታ ነው ወይ ሐዘን ነው ብዬ ገመትኩ።

በማግስቱ ገና ጀንበር ሳትወጣ ሱቄን ልከፍት ስመጣ ጭብጨባው ጀምሯል፣ ደንበኛ ግን የለም። ኤውላሊያ ባዶ የቢራ ሳጥን ገልብጣ ጋሪዋ መሐል፣ በሁለቱ እጆች መካከል ቆማለች። እጆቹ ከፊቷ ሊጥ ያጨበጭባሉ። ዓይኗን ጨፍናለች። ጥቂት ቆይቶ ግራው እጅ ተነሳና ግንባሯን በጀርባው ቀስ አድርጎ ጠረገላት።

እጁ ወደ ሊጡ ተመለሰ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም፤ እንደገና እስኪነሳ ትጠብቃለች።

እውነቱን ለመናገር ፈራሁ፤ መፍራቴም አላሳፈረኝም። ያስፈራኝ እጁ አልነበረም፣ ሳጥኑ ነው። ኑሮዬ ከሰው ራስ ጋር ነው፤ ማን ምን ያህል እንደሚረዝም ወንበር ላይ ሳይቀመጥ አውቃለሁ። ያ እጅ የሚጠርገው ግንባር የኤውላሊያ ግንባር ካለበት በጣም ከፍ ይላል። ያን ሁሉ ጊዜ ፊት ለፊቴ ሲጠርግ ኖሮ አንድም ቀን አልከነከነኝም።

እንዲያ የምትረዝም አንዲት ሴት ብቻ አውቅ ነበር። ሮሳሪዮ ነበር ስሟ፤ ሮሳሪዮን እነሱ ሲያቆላምጡ ቻዮ ይላሉ፣ ሰፈሩም ቻዮ ነው የሚላት። ከሸራው ሥር አንገቷን ሰበር አድርጋ ካልሆነ መቆም አይሆንላትም። ሉዝ ማርያምን ክርስትና ያነሳች፣ የኤውላሊያ አበልጅ ናት። ናት እላለሁ እንጂ ከሞተች ቆይታለች። የቀበርናት እኛ በእድራችን ነን።

«ኤውላሊያ፣ ያ እጅ ያንቺ አይደለም» አልኳት።

ዓይኗን ገልጣ አየችኝና ከሳጥኑ ቀስ ብላ ወረደች። ቀሚሷን አራገፈች።

«አንተ ራስ ስለምታይ አንድ ቀን ታየዋለህ ብዬ እፈራ ነበር» አለች። «ሌላው ሰው የሚያየው ምግቡን ነው።»

«የቻዮ ነው?»

«የቻዮ ነው።»

በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። በቀረጻው ዕለት እሷ የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ተራው ካለፈ ጋሪው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ቻዮ በእሷ ቦታ ተቀምጣ ጓንቱን አጠለቀች፣ ስምሽ ማን ነው ሲሏት ኤውላሊያ አለቻቸው።

«ይህን ያህል ነገር እንዴት ሳትነግሩኝ?» አልኳት።

«ምኑ ይነገራል? አበልጄ አይደለችም? ሌላ ማን ሊቀመጥልኝ ነው?» ጥያቄዬ በእርግጥ ገርሟታል። «ሉዝ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠሩ እሷ ትሄዳለች። እኔ ሥራ ላይ ስሆን ውኃ ሰልፍ ላይ በኔ ስም እሷ ትቆማለች። ያን ቀንም እንደዚያው ነው ያሰብነው። እኔ ብቀዳ እሷ ብትቀዳ፣ አበልጅ ለአበልጅ ተቀመጠች፣ በቃ።»

አበልጅነት በእነሱ ዘንድ እንዲህ ነው። እኛም ዘንድ ድሮ እንዲህ ነበር መሰለኝ፤ አሁን ማን ማንን ወክሎ ይቀመጣል?

«ከዚያ በሚቀጥለው ክረምት ሳንባዋ ታመመ» አለች ኤውላሊያ። «ከሁላችንም በኋላ ነው የመጣችው፣ ስትመጣ መመዝገቢያው ተዘግቷል። እኔ ክፍል ውስጥ ኖረች፣ እኔ አልጋ ላይ ሞተች። እድሩ ቤተሰብ ብሎ ቀበረልኝ እግዜር ይስጣችሁ። ከተማው ግን ቻዮ የምትባል ሴት አያውቅም። ፎቶ እንኳ አትወድም ነበር። ያለው ይሄ ብቻ ነው።» እጆቹን በአገጯ አሳየችኝ። አይብ ይሞላሉ፣ ያድቦለቡላሉ፣ ያጨበጭባሉ።

«ንገሪያቸው» አልኳት። «ስህተት ነበር በያቸውና አንቺን እንደ አዲስ ይቅዱሽ። ስምሽ ይተርፍልሻል።»

«እሷስ?»

«ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ይነቅሏታል፣ ሐሙስ ከሰዓት ትሰረዛለች። ያኔ በእርግጥ ኖራ አታውቅም።»

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ስትመጣ ኤውላሊያ እንደ ወትሮው ፈገግ ብላ እንዴት አደርሽ አለቻት፣ እጆቹ ትኩስ ፑፑሳ አቀበሏት።

በዚያው ቀን ለልጇ ራሷ ነገረቻት። የነገረቻት እኔ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው፤ ሰው ባለበት ልጅቷ አትጮህም ብላ ይመስለኛል። ሉዝ ማርያም አልጮኸችም። መስተዋቱ ውስጥ እናቷን ተመለከተቻት።

«ማሚ፣ እጁ ጎማ ነው» አለች። «ቻዮ ሞታለች። እኔ ራሴ አልቅሻለሁ።»

«ጎማ መሆኑን አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ጠዋት ስመጣ አለች።»

«እኔስ? እኔም እኮ አለሁ። ለጎማ ብለሽ ከኔ ልትወሰጂ ነው?» ልጅቷ አሁን እያለቀሰች ነበር። «አንቺ ካልተናገርሽ እኔ እናገራለሁ። በስሜ እምላለሁ፣ ሐሙስ እናገራለሁ።»

ኤውላሊያ ተነስታ የልጇን ፀጉር በጣቶቿ አበጠረች። እኔ ከማን ጋር እንደሆንኩ ብትጠይቁኝ ከልጅቷ ጋር ነበርኩ። የቆመ ሰው ከተቀዳ እጅ ይበልጣል ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን በማግስቱ ወንበሬን አውጥቼ ስቀመጥ ዓይኔ ከዚያ ግራ እጅ አልላቀቅ አለ። ያርፋል፣ ይነሳል፣ ይጠርጋል። ቻዮ ሲደክማት እንዲያ ታደርግ ነበር፤ አስታወስኩት። ማስታወሴ ደስ አላለኝም፣ ማየቴንም አልተውኩም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት የከተማው ሠራተኞች እጅ የሚያመሳክር ጠረጴዛ ይዘው መጡ። አንዷ የለሰለሰ አንደበት ያላት ወጣት ልጅ ናት፣ ሌላው ጠረጴዛውን ይሸከማል። ባለጋሪዎቹ በየተራ ሊጥ እየያዙ አጨበጨቡ። የቬንዝዌላው ሰውዬ እንዳይቀርበት አፍንጫውን ጠራረገና አለፈ። ሰዉ ሳቀ፤ በተራው ላይ ሰው ሲስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ኤውላሊያ ተራዋ ሲደርስ እጅጌዋን ሰብስባ ሊጡን አነሳች። ከሥራ የወጣ እጅ ይንቀጠቀጣል ብዬ ነበር፣ አልተንቀጠቀጠም። አጨባጨቧ ፈጣንና አጭር ነው፣ ሊጡን ከማረፉ በፊት ታነሳዋለች። ከጎኗ ያሉት የጋሪው እጆች ደግሞ ዘገም ብለው፣ ረጋ ብለው ነው የሚያጨበጭቡት። ሁለቱን ጎን ለጎን የሰማ ሰው ሁለት ሴቶች እንደሆኑ ለማወቅ ማሽን አያስፈልገውም።

ሠራተኛዋ ጠረጴዛውን አየች፣ እንደገና ይሞክሩ አለቻት። ኤውላሊያ እንደገና በራሷ እጅ፣ በራሷ አኳኋን አጨበጨበች። አንዲትም ነገር ለማስመሰል አልሞከረችም።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሠራተኛዋ። «ኤውላሊያ እርስዎ አይደሉም።»

በፍጹም ትሕትና ነው ያለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች። «አባት፣ ጎረቤት ነዎት? ያውቋቸዋል?»

«ልጇ ሳትወለድ ጀምሮ አውቃታለሁ። ኤውላሊያ እሷ ናት።»

«አመሰግናለሁ። የሰው ቃል ከእጅ በኋላ አይያዝም፣ ለጨዋነት ብዬ ነው የጠየቅሁዎት።»

ሉዝ ማርያም ሰዉን ገፋ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «አንድ ነገር ልናገር» አለች። «ያ እጅ...»

እናቷ የእጇን አንጓ ጨብጣ በቋንቋቸው አንዲት አጭር ነገር ተናገረቻት። ምን እንዳለቻት ሉዝ ማርያም በኋላ ነው የነገረችኝ። «ክርስትና ያነሳችሽ እሷ ናት፤ አንቺ አትንቀያት» ነው ያለቻት።

«ምን ሊሉ ነበር?» አለች ሠራተኛዋ።

ሉዝ ማርያም ወደ ጋሪው ተመለከተች። ያን ጊዜ ግራው እጅ ተነሳ፣ አየሩ ላይ ያለውን ግንባር ጠረገ፣ ተመለሰ። ሠራተኛዋም አየችውና ፈገግ አለች።

«ወይዘሮ ኤውላሊያ ደክሟቸዋል» አለች እጆቹን እያየች።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሉዝ ማርያም ምንም ልል አልነበረም አለች።

ሠራተኛዋ ጠረጴዛውን አጽድታ አዲስ ሊጥ አስቀመጠች። የማትታወቅ ሴት ተገኝታ ዝም ስለማትባል፣ ሠራተኛዋ እዚያው ላይ እንደ አዲስ ገቢ መዝግባት መሄድ አለባት። ኤውላሊያ ከፊቷ ቆመች፣ አጭር፣ እጇ ሊጥ በሊጥ የሆነ።

«ስምዎን ማን ልበል?»

ወደ ጋሪው አላየችም፣ ወደ ልጇም አላየችም።

«ሮሳሪዮ» አለች።

ሠራተኛዋ ጠረጴዛውን ተመለከተች። «በዚህ ስም የሚታወቅ ሰው የለም፤ ነጻ ነው» አለች። «ለአዲስ ገቢ ተያዥ ያስፈልጋል። የሚያውቅዎ ዘመድ አለ?»

«እኔ አለሁ» አለች ሉዝ ማርያም።

«ምናቸው ነዎት?»

«ልጇ ነኝ።»

ሠራተኛዋ አዝና ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም እህቴ። የእርስዎ እናት እዚያ ሥራ ላይ ናቸው።»

ሉዝ ማርያም ቆመች። ከኋላዋ እጆቹ አላቋረጡም፣ ዘገም ብለው ያጨበጭባሉ። እናቷ አሁን ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና የተጠየቀችውን መለሰች።

«የክርስትና ልጇ ነኝ።»

ጠረጴዛው ተቀበለ። ኤውላሊያ አዲሱን ሊጥ አንስታ ያንኑ ፈጣንና አጭር ጭብጨባዋን አጨበጨበች፣ የሮሳሪዮ ተብሎ ተያዘ። ሠራተኛዋ እቃዋን ስትሰበስብ እንደ ደንቡ ከወገቧ ጎንበስ አለችላት።

«ወይዘሮ ሮሳሪዮ፣ እንኳን ወደ አዲስ አበባ በደህና መጡ» አለቻት።

ኤውላሊያ የቀረውን ሊጥ ከመዳፏ አራግፋ፣ አማርኛ ከእኛ የተማረችውን ሁሉ ሳታጓድል፣ «እንኳን ደህና ቆያችሁን» ብላ መለሰች።